ለሚጥሚጣ ሽማግሌ የላኩ ሦስት አምፖሎች

ተረቴ መጥታለችና ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ ስጧት። ተቀመጠች? በሉ እንግዲህ ስሙኝ።

በድሮ ጊዜ ነው። ድሮ ስላችሁ ያ የሩቁ ድሮ አይደለም፤ መብራት በየቤቱ ከገባ በኋላ፣ ዕቃና ነፍሳት ግን መነጋገር ገና ሳይተዉ ያለው ድሮ ነው። በዚያ ጊዜ እትዬ ድንኳን የሚባሉ ነበሩ። የሰርግ ድንኳን እንዳይመስላችሁ። ቁመታቸው የቁም ሳጥን ያህል ነው፤ ከውጭ ጥቁር ናቸው፣ ከውስጥ ግን ሆዳቸው እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ፊታቸው ላይ ረጅም ዚፕ አላቸው። ቤት ውስጥ ቡቃያ ለማሳደግ የተሰሩ ድንኳን ናቸው። የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ፍሪጁም መጥረጊያውም፣ እትዬ ይላቸዋል።

እትዬ ድንኳን ደግ ናቸው። የሰጧቸውን ብርሃን አያባክኑም፤ ከዚህ ግድግዳ ወደዚያ ግድግዳ እያነጠሩ መልሰው ለቡቃያው ነው የሚሰጡት። አንድ አመል ግን አለባቸው፤ ጎረቤት ምን ይለኛል ይላሉ። ሲነሱም ጎረቤት ምን ይለኛል፣ ሲቀመጡም ጎረቤት ምን ይለኛል።

ግቢው ውስጥ አንዲት ሚጥሚጣ ነበረች። ከጎን ፎቅ ይሰራ ጀመር። ፎቁ አንድ ወለል ሲጨምር ፀሐይ ከግቢው አንድ ሰዓት ቀነሰች፤ ሁለት ሲጨምር ሁለት ሰዓት ቀነሰች፤ ሦስተኛው ላይ ጭራሽ ቀረች። ሚጥሚጣዋም ልትደርቅ ስትል የመጨረሻዋን ፍሬ ለእትዬ ድንኳን ሰጠቻቸውና «እትዬ፣ ዘሬን አደራ» አለቻቸው። ሌላ ምንም አላለች።

ከፍሬዋ አምስት ዘር ወጣ። ሁለቱ ሳይበቅሉ ቀሩ፣ ሁለቱ በቅለው ጠወለጉ፣ አንዲቷ ብቻ ተረፈች። ያቺ አንዲቷ ብርሃን ፍለጋ በዚፑ ስንጥቅ በኩል አንገቷን ታሰግጋለች፣ ታሰግጋለች፣ እንደ ክር ቀጠነች። አፏ ግን የእናቷ ነው፤ ገና በሁለት ቅጠሏ ታቃጥላለች። እንግዲህ እሷ ከሞተች የእናትየዋ ዘር ጠፋ ማለት ነው። እትዬ ድንኳንም አደራ በሊታ ተባሉ ማለት ነው።

እትዬ ድንኳን ተጨነቁና ወሬ አስነገሩ። ለልጄ አምፖል እፈልጋለሁ፣ ደህና አምፖል የሚያውቅ ሽማግሌ ሆኖ ይምጣ አሉ።

መጀመሪያ የእሳት ራት መጣ። ክንፉን አጣጥፎ በር ላይ ቆመ። ይግቡ ሲባል አልገባም፣ ይቀመጡ ሲባል አልተቀመጠም፤ ጉዳዬ ሳይሰማ ምን መቀመጥ አለ አለ። የሽማግሌ ወግ ነዋ። እትዬ ድንኳንም እንደ ወጉ ሦስት ነገር ጠየቁት።

«ዘሩ ከየት ነው? ምን ይበላል? ጉድለቱስ ምንድን ነው?»

«ዘሩ በአባቱ በኩል ከፀሐይ ነው» አለ የእሳት ራት። «ሺህ ዋት ይበላል። ጉድለቱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ሁለት ወንድሞቼ እሱ ላይ ነው የሞቱት፤ ደስ እያላቸው ነው የሞቱት።»

እትዬ ድንኳን ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ልብ አላሏትም። የሰሙት ሺህ ዋት የሚለውን ብቻ ነው። እሺ ይምጣ አሉ።

ትልቁ አምፖል መጣ። ለአዳራሽ የተሰራ ነው፤ ስድስት እጅ አለው፤ አንዱን እጅ ሲያስገቡት ሌላው ይወጣል። ዚፑም አልዘጋ አለ። ሲበራ ብርሃኑ በተከፈተው ዚፕ ወጥቶ ፍሪጁ ጋ ደረሰ፣ ከፍሪጁ አልፎ ኮሪደሩን ሞላው። ፍሪጁ፣ ወይ ጉድ፣ እትዬ እንዴት ያለ አማች አገኙ አለ። ይኼን ሲሰሙ እትዬ ድንኳን ደስታው ሞቅ አደረጋቸው። ቆይቶ ግን የእውነት ሞቃቸው።

በመጀመሪያው ቀን የትንሿ ሚጥሚጣ ቅጠል ጫፉ ተጠቀለለ። በሁለተኛው ቀን ነጣ። በሦስተኛው ቀን ተጠብሶ ወደቀ።

«እትዬ» አለች ሚጥሚጣ፣ «ማቃጠል የኔ ሥራ ነበር። ይሄ ሰውዬ ሥራዬን ወሰደብኝ።»

እትዬ ድንኳን ነገሩ ገባቸው። ትልቁን አምፖል ቤታችን ጠበበዎት ብለው በክብር ሸኙት።

ከዛ ሸረሪት መጣች። እሷም በር ላይ ቆመች፤ ይግቡ ሲባል አልገባም፣ ይቀመጡ ሲባል አልቀመጥም አለች። እትዬ ድንኳን ያንኑ ጠየቋት፤ ዘሩ ከየት ነው፣ ምን ይበላል፣ ጉድለቱስ?

«ዘሩ ከቀስተ ደመና ነው፤ በቀዩና በሰማያዊው በኩል» አለች ሸረሪት። «እሱም ሺህ ዋት ነው፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ግን ሆዳም አይደለም፣ ትንሽ ነው የሚበላው። ጉድለቱ ቆንጆ መሆኑ ብቻ ነው።»

ሺህ ዋት ሆኖ ትንሽ የሚበላ እንዴት ያለ ነው ብሎ መጠየቅ ነበር። እትዬ አልጠየቁም። ቆንጆ የሚለው ጆሯቸው ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ወይን ጠጁ አምፖል ገባና በራ። እናንተዬ፣ እትዬ ድንኳን ጭፈራ ቤት መሰሉላችሁ። ግድግዳው ወይን ጠጅ፣ ወለሉ ወይን ጠጅ፣ የፍሪጁ ፊት ወይን ጠጅ። መጥረጊያው እንኳ ጥግ ላይ ቆሞ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። ሸረሪትም እዚያው ድንኳኑ ጥግ ላይ ድሯን ዘረጋች። ለካ በዚያ ብርሃን ትንኝ ይሰበሰብላታል። ሽማግሌ ሆና የመጣችው ለሆዷ ነበር።

በሳምንቱ እትዬ ድንኳን ጎንበስ አሉና እንዴት ነሽ ልጄ አሏት። እንጃ እትዬ፣ ይደክመኛል አለች። አዩዋት፤ ወይን ጠጅ ናት። የተተከለችበት ጣሳም ወይን ጠጅ ነው፣ አፈሩም ወይን ጠጅ ነው። ኧረ አምሮብሻል አሏት።

በአሥረኛው ቀን ጠየቋት። እትዬ፣ እርቦኛል አለች። አዩዋት፤ ወይን ጠጅ ናት። ኧረ አምሮብሻል አሏት።

በሁለት ሳምንቱ ጠየቋት። ድምጿ አነሰ፣ የምትለውም አልሰማ አለ። አምሮብሻል አሏት። ፍሪጁም አምሮባታል አለ። መጥረጊያውም አምሮባታል አለ።

ከዛ አንድ ማለዳ የወይን ጠጁ አምፖል ዓይኖች፣ እነዚያ ትንንሽ መብራቶቹ፣ ግማሾቹ ጠፉ። በማግስቱ ከቀሩት ግማሾቹ ጠፉ። በሦስተኛው ቀን እሱው ራሱ ድርግም አለ። ያ ሺህ ዋት የተባለው ካርቶኑ ላይ እንጂ ሆዱ ውስጥ አልነበረማ። ሸረሪት ድሯን ጠቅልላ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

ሦስተኛ የመጣው ጉንዳን ነው። ጉንዳን ሥራ ላይ ነበር፤ የስንዴ ፍሬ እንደተሸከመ ነው በር ላይ የቆመው። ይቀመጡ ሲሉት ጊዜ የለኝም አለ። እትዬ ድንኳን ሦስቱን ነገር ጠየቁት።

«ዘሩን አላውቅም፤ ካርቶን ውስጥ ነው ያገኘሁት» አለ ጉንዳን። «መቶ ዋት ተብሎ ተጽፎበታል፣ መቶ ዋት ይበላል። ጉድለት ካሉኝ ሦስት አለው። አንደኛ፣ ለአንድ ድንኳን ነው የሚበቃው፣ ኮሪደር ድረስ ልሂድ አይልም። ሁለተኛ፣ አንድ ክንድ ከልጅቷ ራስ ከፍ ተደርጎ ካልተሰቀለ አይሆንም፤ መቅረቡንም መራቁንም አይወድም። ሦስተኛ፣ ወሬ አያውቅም። ቢያመሰግኑትም ዝም፣ ቢሰድቡትም ዝም ነው።»

እትዬ ድንኳን ቅር አላቸው። የሙሽራ ጉድለት በጣት እየቆጠረ የሚያጋባ ሽማግሌ አይተው አያውቁም። ግን ሌላ ጠያቂ የለም፤ ልጅቷም ጨለማ ውስጥ ናት። እስቲ ይምጣ አሉ፣ ዚፓቸውን ገርበብ አድርገው።

ነጩ አምፖል ገባ። ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ መክተፊያ። ለዓይን የሚሆን ነገር የለውም። አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተሰቀለ፣ ዚፑም ያለችግር ተዘጋ። ከዛ በራ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በመስኮት እንደሚገባው ያለ፣ ነጭ፣ ረጋ ያለ ብርሃን።

እትዬ ድንኳን ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው እንደ እርድ ቢጫ ናት። ቅጠሏ ቢጫ፣ የቅጠሏ ጫፍ ቡናማ፣ ግንዷ የስፌት ክር።

«ልጄን ምን አደረጋት?» አሉ እትዬ ድንኳን።

አምሮባት የነበረች ልጅ፣ ይሄ ከገባ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ቢጫ ሆነች ብለው ጎረቤት ጠሩ። ፍሪጁ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፣ አምሮባት ነበር ብሎ መሰከረ። መጥረጊያውም እንደዚሁ መሰከረ። ጉንዳን ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፣ ሰደቡት እንጂ የሰማው የለም። ነጩ አምፖል አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ተነቅሎ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ፤ ካርቶኑም ጥግ ተገፋ።

አንድ ቀን በጨለማ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ቀን የሚጥሚጣ አንገት ዘንበል አለ። እትዬ ድንኳን ያለቅሳሉ። እያለቀሱም ያባብሏታል፤ እንደዚያ አምሮብሽ ነበር ልጄ፣ ያ ነጭ ነው የጨረሰሽ ይሏታል።

ሚጥሚጣ የቀረቻትን ትንፋሽ ሰበሰበች።

«እትዬ፣ እኔ አምሮብኝ አያውቅም» አለች። «ቢጫ ከሆንኩ ቆይቻለሁ። ያ ወይን ጠጁ ሁላችንንም አንድ ቀለም ስለቀባን ነው ያላዩኝ። ደከመኝ ስልዎት አምሮብሻል አሉኝ። እርቦኛል ስልዎት አምሮብሻል አሉኝ። ነጩ ምን አደረገኝ? አሳየኝ እንጂ። ከተወለድኩ ጠግቤ የበላሁት በዚያች አንዲት ሰዓት ነው።»

እትዬ ድንኳን እንባቸውን ጠርገው ጥግ የተገፋውን ካርቶን አዩ።

ከዛ ያደረጉትን ነገር ማንም አድርጎት አያውቅም። የልጅ ወላጅ ሽማግሌ ይቀበላል እንጂ ሽማግሌ አይልክም። እትዬ ድንኳን ላኩ። ፍሪጁ ሰማና ኧረ በስመአብ አለ፤ ልጅ ያለው ሰው የአምፖል ደጅ ይጠናል እንዴ፣ ነገ በየት በኩል ቀና ብለው ሊሄዱ ነው አላቸው። እትዬ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረቤት የሚለውን አልሰሙም። የእሳት ራትን ላኩ፣ ሸረሪትንም አፈላልገው ላኩ፣ ጉንዳንን ደግሞ ከፊት አስቀደሙ። ሦስቱም ሄደው ካርቶኑ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። የእሳት ራት ክንፉ ውስጥ ፊቱን ቀበረ። ሸረሪት ስምንቱንም እግሯን የምታደርግበት አጣች።

«እትዬ ድንኳን ይቅርታ ይላሉ» አለ ጉንዳን። «ጉድለቱ የኔ ነበር ብለዋል።»

ቢቀየም ማን ይፈርድበታል? ነጩ አምፖል ግን ከካርቶኑ ውስጥ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ልጅቷ አለች?»

«አለች።»

«እንሂዳ» አለ።

ሄደ። አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። በራ። ቢጫዎቹ ቅጠሎች ግን አረንጓዴ አልሆኑም፤ የተጎዳ ቅጠል አይመለስማ። አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ወደቀ፣ ሦስተኛው ወደቀ። በወደቀ ቁጥር እትዬ ድንኳን ይደነግጣሉ፤ በደነገጡ ቁጥር ጉንዳን ግንዷ ላይ ወጥቶ ያይና ቆይ እትዬ፣ ከታች አይዩ፣ ከላይ ይዩ ይላቸዋል።

በሰባተኛው ቀን ከላይ አዩ። ጫፏ ላይ የአይጥ ጆሮ የምታህል ቅጠል ወጥታለች። አረንጓዴ ናት። እትዬ ድንኳን አላመኑም፤ ሦስት ጊዜ አዩዋት፤ ሦስቱንም ጊዜ አረንጓዴ ናት። ከዚያ በኋላማ ሚጥሚጣ ማን ይያዛት። ግንዷ ደነደነ፣ ቅርንጫፍ አወጣች፣ ነጫጭ አበባ አበበች፣ ፍሬዎቿም እንደ እናቷ ወደ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ቀሉ። ከአንድ ፍሬ የመጣች ልጅ አርባ ፍሬ ያዘች።

ያን ቀን እትዬ ድንኳን ዚፓቸውን እስከ ታች ከፍተው ሁሉንም አመሰገኑ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲሰደብ ያልሸሸውን ጉንዳን አመሰገኑ። አፍረውም ቢሆን አብረው የቆሙትን የእሳት ራትንና ሸረሪትን አመሰገኑ። ልጃቸውን በዚያች ትንፋሿ እውነቱን ስለነገረቻቸው አመሰገኗት። ከሁሉ በኋላ ነጩን አምፖል አመሰገኑት። ያ ዝምተኛ እንኳ እኔ ምን አደረግሁ፣ በራሁ እንጂ አላቸው።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ነጩ አምፖል ሲበራ እትዬ ድንኳን ዛሬ ምን ጎደለኝ፣ አሳየኝ ይሉታል። አንድ ቀን የደረቀ አፈር ያሳያቸዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ ይሉታል። አንድ ቀን ከቅጠል ሥር የተደበቀ ተባይ ያሳያቸዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ ይሉታል። አንድ ቀን የገዛ ሆዳቸው ላይ የተኛውን አቧራ፣ ያውም ፍሪጁ እያየ፣ አሳያቸው። እግዜር ይስጥልኝ አሉት።

ፍሪጁ አልቻለም። እትዬ፣ ጉድዎን ሜዳ ላይ አውጥቶ እግዜር ይስጥልኝ ምንድን ነው አላቸው።

«አምሮባታል ያላችሁኝ ጊዜማ» አሉት እትዬ ድንኳን፣ «ልጄን ልቀብራት ነበር።»

እንግዲህ ያላያችሁትን ሕመም ያሳያችሁን ሰው፣ ሕመሙን ያመጣው እሱ መስሏችሁ ከደጃችሁ አታባሩት። ካባረራችሁትም ሽማግሌ ልካችሁ መልሱት፣ ሲመጣም አመስግኑት።

ተረቴን ሰጠኋችሁ፣ ጆሯችሁን ሰጣችሁኝ። ለጆሯችሁ እግዜር ይስጥልኝ።