የሸማ ተራዋ ፈታይ

በሸማ ተራ ራስጌ፣ የጨርቅ ሱቆቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው በሚጀምሩበት አደባባይ፣ ከነጭ ድንጋይ የተቀረጸች ሴት ቆማለች። ልብሷ እንደ ጥንት ግሪኮች ሐውልት ከትከሻዋ እስከ እግሯ እጥፍጥፍ እያለ ይወርዳል፤ በእጇ የያዘችው ግን የአገራችንን እንዝርት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከሥሯ «የሥራ ክብር» ብሎ ጽፎባታል። የከተማው ሰው ግን ትርንጎ ነው የሚላት፤ ሽማግሌዎች እንደሚሉትም ትርንጎ ድሮ እዚያው ቦታ ላይ ትውል የነበረች ሴት ናት።

ትርንጎ ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር ሴት ነበረች ይባላል። አደባባዩ ገና አቧራ ሳለ እሷና ሌሎች አሥራ ሰባት ፈታዮች ማዳበሪያ አንጥፈው ልቃቂታቸውን ይደረድሩ ነበር። ባለሱቆቹ ደጃችን ተዘጋብን እያሉ ሲያጉረመርሙ ቆይተው በመጨረሻ ሴቶቹ ይነሡልን ብለው አመለከቱ። እኔም የባለሱቅ የልጅ ልጅ ነኝና፣ አያቴ ከፈረሙት አንዱ እንደነበረ አልደብቅም።

በዚያው ዘመን ጥላዬ የሚባል የከተማው ልጅ ባሕር ማዶ ቅርጻ ቅርጽ ተምሮ ተመለሰ። ማዘጋጃ ቤቱ ለአደባባዩ ሐውልት እንዲሠራ ባዘዘው ጊዜ፣ በተማረው በጥንቶቹ ስልት ሊሠራ አስቦ፣ አይቶ የሚቀርጻት ሴት ሲፈልግ ትርንጎን አገኘ። ክንዷን አንሥታ ክሩን ስትስብ፣ ነጠላዋም ከትከሻዋ ሲወርድ ቢያይ፣ በትምህርት ቤት ያያቸው የድንጋይ ሴቶች ትዝ አሉት። ለመናት፤ እሷም መጀመሪያ አፍራ፣ ኋላ እሺ አለች። ሦስት ወር ያህል፣ ከገበያ ቀን በቀር፣ ወደ ሥራ ቤቱ እየሄደች ትቆምለት ነበር፤ ሲደክማት አረፍ ብላ ስለ ሟች ባሏ ታጫውተዋለች፤ እሱም እትዬ ይላት ጀመር።

አንድ ቀን፣ እንደ ዋዛ፣ ሐውልቱ የት እንደሚቆም ጠየቀችው። ጥላዬ ፕላኑን አይቶታል፤ ሐውልቱ የሚቆመው በፈታዮቹ መቀመጫ ላይ እንደሆነ፣ ሴቶቹም ከምርቃቱ በፊት እንደሚነሡ ያውቃል። ግን ብነግራት ትታኝ ትሄዳለች፣ ሥራዬም ከመሃል ይቀራል ብሎ ፈራ።

«ከሱቆቹ ራስጌ ነው፣ እትዬ» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም።

በምርቃቱ ሳምንት ጥበቃዎች መጥተው ፈታዮቹን አነሡ። በምርቃቱ ዕለት ትርንጎ ከሰው ጀርባ ቆማ ነበር፤ መጋረጃው ሲገለጥ የገዛ መልኳን በገዛ ቦታዋ ላይ አየችው። ጥላዬ ሰዉን ጥሶ ወደ እሷ መጣ።

«እኔን አንሥተህ እኔን አቆምክ?» አለችውና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ጥላዬ መሮ አልጨበጠም ይባላል። ሰው ሥራውን ባመሰገነለት ቁጥር አንገቱን ይደፋ ነበር። ዓመት ካለፈ በኋላ ትርንጎ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ከወንድሟ ቤት መጠጋቷን ሰማ፤ እንደ አገሩም ወግ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ሄዶ ከደጇ ቆመ። ወጥታ ብዙ ካየችው በኋላ እንዲህ አለችው ይላሉ።

«አውርደው። ድንጋይማ ለምደኸዋል፣ አይከብድህም። እኛ አሥራ ስምንት ነበርን፤ የሚከብድ ነገር ከፈለግህ ሴቶቹን ወደ ቦታቸው መልስ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም።

ተመልሶ ማዘጋጃ ቤቱን ቢለምን የሚሰማው አጣ። በማግስቱ ማዳበሪያ አንጥፎ ከሐውልቱ ሥር ተቀመጠ። ጥበቃዎች ሊያነሡት ሲመጡ፣ ሴቶቹ እንደሚነሡ እያወቀ ዝም ያለው እሱ መሆኑን፣ አሁንም ቦታቸውን እየጠበቀላቸው እንደሆነ ነገራቸው። ቀራፂውን ከሠራው ሐውልት ሥር ጎትቶ ማንሣት ነውር ሆነባቸውና ተዉት። ለጠየቀው ሁሉ ይህንኑ ሳይደብቅ ይናዘዝ ነበር፤ ባለሱቆቹም ሱቃቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ይሰሙታል፣ የእነሱን ፊርማ ግን አንድም ቀን አላነሣባቸውም። ይህ ዝምታው ከስድብ ይልቅ ያማቸው ነበር ይባላል።

በሁለተኛው ወር አንዲት ፈታይ መጥታ ከአጠገቡ ተቀመጠች። ከሳምንት በኋላ ሁለት ተጨመሩ። በመጨረሻ ዘጠኝ ሆኑ፤ ከትርንጎ በቀር ሌሎቹ ወይ ሞተዋል ወይ የት እንደገቡ አልታወቀም። ያን ጊዜ ባለሱቆቹ የፊተኛውን ማመልከቻ የሚሽር ሌላ ማመልከቻ ጻፉ፤ አያቴም ማመልከቻው በገባበት ጠዋት መጥረጊያ ይዞ ወጥቶ፣ ከገዛ ደጁ በፊት የሴቶቹን መቀመጫ ጠረገ።

ስለ ትርንጎ የሚነገረው ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዶች አንድ ቅዳሜ መጥታ ከጥላዬ ጎን ፈትላ ዋለች ይላሉ። አብዛኛው ሰው ግን አልመጣችም ነው የሚለው፤ ጥላዬ እስኪሞት ድረስ ከጎኑ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ክፍት እየተወ ይጠብቃት ነበር ይባላል።

ዛሬም በሸማ ተራ ከዚያች ሴት ሥር ተቀምጦ የሚሸጥን ማንም አያነሣም፤ እኛ ባለሱቆችም ሱቃችንን ከመክፈታችን በፊት ቦታውን በየተራችን እንጠርጋለን። የእኔ ተራ ረቡዕ ነው። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ጠርጌያለሁ፤ ቀና ብዬ ፊቷን ለማየት ግን እስካሁን አልደፈርኩም።