ሰማያዊው ካርታ

የአንዲት ከተማ ውሃ ቢሮ ሥራ አስኪያጅ፣ ኢንጂነር ድንበሩ፣ ፕሮጀክተር ካስገዛ ወዲህ በአፍ የሚነገር ሪፖርት አልሰማም አለ አሉ። አንድ ቀን ሠራተኛውን ሰብስቦ የከተማዋን ካርታ ግድግዳው ላይ አበራው። ውሃ የደረሰው ሰፈር ሰማያዊ ነው፤ ካርታው ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ! አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ቦኖ ጠባቂ ግን አላጨበጨበችም። ቦኖዋ ከደረቀ ወር አልፎታል፤ ልትናገር በሄደች ቁጥር "ስላይድ ሠርተሽ ነይ" እየተባለች ተመልሳለች።

"አንቺ! ምነው አኮረፍሽ?" አለ ኢንጂነሩ። "ካርታው ልክ ከሆነ ሰፈሬ ውሃ አለው ብለሽ ፈርሚ። ውሸት ነው ካልሽ ደግሞ አለቃሽን ሰድበሻልና ከሥራ ትወጫለሽ። ምረጪ!"

ሴትየዋ ተነሳች። ግድግዳውን ትክ ብላ አየችና እጅ ነሳች።

"ኧረ እኔ ምን ቆርጦኝ፣ ጌታዬ! ሰፈራችንማ ይኸው በውሃ ሞልቷል። ብቻ ጎረቤቶቼን ከነጀሪካናቸው ጠርቼ እስክመጣ፣ እባክዎ ማሽኑን እንዳያጠፉብን።"