ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር የደረሰው ሰው

ይህን ታሪክ የነገሩኝ ከቦኖው ውኃ በላይ ያሉት እትዬ ዘርትሁን ናቸው። እሳቸው የሰሙት ከአማታቸው ነው፤ አማቲቱ የሰው ጉድ ሲያወሩ የማይጨምሩ ሴት ነበሩ ይባላል። እኔ ትንሽ ብጨምር በእኔ ይሁን።

ጎረቤቴ ትርሲት ቅዳሜ ጠዋት የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጣች፤ በሌላ እጇ ደብተር ይዛለች። ከመንገዱ ማዶ ባለው አዳራሽ እንግሊዝኛ ትማራለች። የዚያን ቀን አራት ሰዓት ላይ ፈተና ነበረባት፤ ካለፈች እንግዳ መቀበያ ላይ ሊቀጥራት ቃል የገባ ሆቴል አለ።

«እትዬ ስንዱ፣ ‹ስትራግለር› የሚል ቃል አለ» አለችኝ። «ባለፈው መልመጃ ላይ ‹ኋላ የቀረ› ብዬ ጻፍኩ፤ አስተማሪው ግማሽ ነጥብ ብቻ ሰጠኝ። ኋላ ከቀረ ቀረ ነው፤ ሌላ ምን አለው?»

«እንግሊዝኛውን አላውቀውም፣ ሰውየውን ግን አውቀዋለሁ። ቁጭ በይ» አልኳት።

ወንፊቱን እንደታቀፈች ቁጭ አለች።

አንድ ሰው ነበረ። እግሩ ጤነኛ፣ ጉልበቱም ደህና፣ ግን ከሰው ጋር ወጥቶ ከዚያው ሰው ጋር የገባበት ቀን የለም።

በዚያ አገር አንድ ገበሬ ልጁን ሊድር ፈለገ። ጎረምሳው ወንዝ ማዶ ያለችውን የባለጸጋ ልጅ ከወደደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እርሻ መሀል በሬዎቹን አቁሞ ወደ ማዶ ያያል። ገበሬው ሦስት ሽማግሌ ላከ። አንዱ ያ ሰው ነው፤ ጸጉሩ ከሁሉም የነጣ ስለነበረ ተናጋሪ ሆነ። እንደ ወጉ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም፤ ከትልቁ በፊት አፉን የሚከፍት የለም፤ ትልቁ አንዴ የተናገረውም አይታጠፍም።

ማልደው ወጡ። ሰውየው የምትሸጥ በቅሎ አየና ጥርሷን ሊመለከት ቆመ። የሚገዛት እሱ አይደለም። «እናንተ ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» አላቸው። ትንሽ እንደሄደ ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ሲጣሉ አገኘና አስታረቃቸው። ጠላ ቀዱለት። ጠላውን እየጠጣ የአባታቸውን ነገር ቢያነሳ እንደገና ተጣሉ፤ እንደገና አስታረቃቸው።

እዚህ ላይ ትርሲት «እትዬ ዘርትሁን ግን ከአማታቸው ጋር ታርቀው ነበር?» አለችኝ። እሱን አወራን። ከዚያ የኋላ ክፍሌን ስለተከራየችው ሴት ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን ነገርኳት፤ የማውቀውም ጥቂት አልነበረም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ባለጸጋው ደጅ ቆመዋል። «ግቡ እንጂ» ቢላቸው «አንድ ሰው ይቀረናል» ይላሉ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። አንደኛው እግሩን ሲያቀያይር ዶሮ መስሎ ነበር አሉ።

ሰውየው በስንት መከራ ከጠላው ተነስቶ ጉዞ ሲጀምር ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች አገኘ። እነሱም ወደዚያው ቤት፣ ለሌላ ጎረምሳ ነው የሚሄዱት። አብሯቸው ሄደ። መንገዱን ሙሉ የልጃቸውን ነገር ነገሩት፤ ስንት የንብ ቀፎ እንዳለው፣ የእናቱን ቤት በገዛ እጁ እንደከደነ። እሱም «ወንድ ልጅ ይሄ ነው» እያለ ራሱን ይነቀንቃል።

ደጁ ሲደርሱ የባለጸጋው ትዕግሥት አልቋል። «አሁንስ ሞላችሁ? በሉ ትልቁ ይናገር» አለ። ስድስቱም በአንድነት ቆመዋል፤ ሁሉም ወደ ነጩ ጸጉር ዞረ። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና ተናገረ። ስለ ቀፎው ተናገረ፣ ስለ ሣር ክዳኑ ተናገረ፤ ለማን እንደመጣም ሲናገር የሌላውን ጎረምሳ ስም ጠራ። ሁለቱ ከኋላ ጋቢውን ጎተቱት። የተንሸራተተ መስሎት አስተካከለው።

ባለጸጋው ስድስት ሽማግሌ ለአንድ ልጅ ሲቆም አይቶ አያውቅም። «ይህን ያህል ሰው የቆመለትን አልመልስም፤ ሰጥቻለሁ» አለ። ልጅቷን የጠየቃት የለም። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም አሉ።

ሲመለሱ ሁለቱ «ምነው ጋሼ፣ የማንን ልጅ ነው የዳሩት?» አሉት።

«ምን ላድርግ?» አለ፤ «የመጣሁት ከእነሱ ጋር ነው።»

«አየሽ ትርሲት» አልኳት፣ «ኋላ የቀረ ሰው መንገዱ ያው የአንቺ መንገድ ነው፤ ቢመሽበትም ይደርስልሻል። ይሄኛው ግን ካገኘው ሁሉ ጋር ይሄዳል፤ ሲደርስም የሌላ ሰው ሆኖ ነው። አስተማሪሽ ያስቀረው ግማሽ ይሄ ነው። አንቺስ ብትሆኚ? ወንፊት ልትመልሺ መጣሽ፣ ለአንድ ቃል ተቀመጥሽ፣ የተከራይዋን ነገር እስከ ጓዳዋ ጠይቀሽ ጨረስሽ። ፈተናሽ ስንት ሰዓት ነው አልሽኝ?»

ስልኳን አየች። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ተነስታ ሮጠች።

የባለጸጋው ልጅ ለባለ ቀፎው አምስት ወለደችለት። የገበሬው ልጅ ቆላ ወረደ፤ አልተመለሰም። ሰውየው ሠርጉ ቤት የደረሰው ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ ነው። ትርሲት የአዳራሹን በር ተዘግቶ አገኘችው፤ ሆቴሉ ሌላ ሰው ቀጠረ። ወንፊቴ እስከ ዛሬ እሷ ጋ ነው።