የደምለው የውሃ ተራ

ስልኩን ሲጎረጉር ድስት ያሳረረ ሰው ባለበት ሁሉ አንዲት አባባል ትወረወራለች። የወረወራት ይስቃል፣ የተወረወረችበትም ይስቃል፤ ከየት እንደመጣች ግን አንዳቸውም አያውቁም። ተማርን የሚሉትማ መጽሐፍ ላይ ካላገኟት ወግ አትመስላቸውም፤ የሚያውቀውን ሰው መጠየቅ ደግሞ ክብራቸውን ይነካባቸዋል። ነገሩስ እንዲህ ነበር።

አዞሪት በምትባል ወንዝ ዳር ደምለው የሚባል ገበሬ ነበር። ሥራ አይፈራም፣ ጉልበቱን አይሰስትም። አንድ አመል ግን ነበረበት። ከማሳው ራስጌ የገበያ መንገድ ያልፋልና መንገደኛ ባየ ቁጥር ዶማውን ጥሎ ይሮጣል፤ «እህ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ሳይል አያሳልፍም። የሚሰማውም ለዘርም ለወጥም የማይሆን ነው፤ የእገሌ ፍየል ጣሪያ ላይ ወጣች፣ በእነ እገሌ ሠርግ ጠላው ቀጠነ፣ የአንድ ቄስ ጥምጣም ነፋስ ወሰደው። ሰምቶ ሳይጨርስ ይረሳዋል፤ ከረሳው ደግሞ ሌላ ያምረዋል።

በዚያ አገር የበጋ ውሃ በተራ ነው። ለአንድ ሰው በየአሥር ቀኑ አንድ ቀን ይደርሰዋል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ጥቁሩ ቋጥኝ ላይ ስታርፍ የውሃ አባት የሚሉት ዳኛ ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ባለተራውን ሦስት ጊዜ ይጠራል። ባለተራው ዶማውን ይዞ ከተገኘ ቦዩን በእጁ ይከፍታል፤ ካልተገኘ ውሃው ለቀጣዩ ያልፋል። ይግባኝ የለም።

ባለፈው ተራ ደምለው የፍየሏን ወሬ ሲሰማ ስሙ ሦስቴ ተጠርቶ አለፈው። አሁን የሽንኩርት ችግኙ ጫፍ ጫፉ ገርጥቷል፤ ሌላ አሥር ቀን አይቆምም። ዘሩን የሰጡት አማቱ ናቸው፤ ሲሰጡትም በሰው ፊት «እስቲ ይቺን እንኳ አብቅላት» ብለውታል። ያቺ «እንኳ» እንደ እሾህ ተሰክታበት ከርማለች። ሽንኩርቱን በጆንያ ተሸክሞ ደጃቸው ላይ ሊዘረግፈው ምሏል።

በተራው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ዶማውን ታቅፎ ቦዩ አፍ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ አንጓች ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ አመጣችለት።

«ዛሬ ገበያ ነው፤ መንገደኛ ይበዛል» አለችው።

«ቢበዛስ?»

«እኔማ ምን አልኩ።»

«ንጉሥ ቢያልፍ ቀና አልልም። ሂጂ።»

ቃሉንም ጠበቀ። አህያ ነጂዎች አለፉ፤ ዝም። ሸክላ ሻጮች አለፉ፤ ጥርሱን ቆሎው ላይ ነክሶ ዝም። የውሃ አባት አያ ስንሻው መጥተው አጠገቡ ተቀመጡና «ጎሽ፣ ዛሬስ ተገኘህ» አሉት። ቀጣዩ ባለተራ ባይሌም ዶማውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብቅ አለ።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» አለው ደምለው።

«ማንም። ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው።»

ፀሐይዋ ቋጥኙ ጋ ለመድረስ ስንዝር ሲቀራት ሁለት ጨው ነጋዴዎች በመንገዱ መጡ። አንደኛው ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«እና ሰውዬው ምን አለ?» ይለዋል ጓደኛው።

«ምን ይላል፣ አፉን ከፍቶ ቀረ እንጂ።»

ደምለው ዶማውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። የቱ ሰውዬ? ምን አይቶ ነው አፉን የከፈተው? ከተቀመጠበት ተጣራ፤ እነሱ ግን በሳቃቸው ውስጥ አልሰሙትም፤ እየራቁ ሄዱ። ፀሐይዋን አየ፤ ገና ናት። መንገዱን አየ፤ ቅርብ ነው። ብድግ አለና ዶማውን ቦዩ አፍ ላይ ተክሎ ጋቢውን አለበሰው።

«አያ፣ መጣሁ። አንዲት ቃል ብቻ ናት።»

ሽማግሌው ወደ ቋጥኙ አሻግረው ተመለከቱ።

ነጋዴዎቹን ኩርባው ጋ ደረሰባቸው። «እህ፣ ምን አዲስ ነገር አለ? ማነው ሰውዬው?»

«እዚሁ ወንዝ ዳር ነው አሉ» አለ ሳቂው። «አንድ ወሬኛ የፍየል ወሬ ሲሰማ የውሃ ተራው አለፈው። ሲመለስ ውሃው የጎረቤቱ ማሳ ውስጥ ይንፎለፎላል። እስከ ገበያው ድረስ ሌላ ወሬ የለም። ታውቀው ይሆን?»

ደምለው ከኋላው ስሙ ሲጠራ ሰማ፤ ስንተኛው ጥሪ እንደሆነ ግን አላወቀም። እግሩ እስኪጠላለፍ ሮጠ። ሲደርስ ባይሌ ቦዩን ከፍቶታል፤ ውሃው ሄዷል። ጋቢ የለበሰው ዶማ እንደቆመ ነው።

«አያ፣ ዶማዬ እኮ እዚሁ ነበር።»

«እሱንም ጠራሁት» አሉ አያ ስንሻው። «አቤት አላለኝም።»

ባይሌ ከቦዩ ቀና ሳይል «ጋቢው ግን አምሮበታል» አለ።

ደምለው ዶማውን ነቅሎ ቆመ። ማንሳትስ ያነሳው ለጠብ ነበር። ወዲያው ግን አንጓች ከማሳው ዳር ስታልፍ አየ። ሁሉን አይታለች፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እንስራዋን አዝላ ወደ ወንዙ ወረደች።

በዚያ አገር ወንድ እንስራ አዝሎ አይታይም፤ የታየ ዕለት እስከ ልጅ ልጁ ይተረትበታል። ደምለው ዶማውን ጣለና ሁለተኛውን እንስራ ከቤት አምጥቶ አዘለ። ባይሌ ሳቀ፤ ሴቶቹ ወንዙ ላይ አፋቸውን ያዙ። እሱ ወረደ፣ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። ሚስቱና እሱ ውሃውን በቅል እየቀዱ ችግኙን በየሥሩ አጠጡት። ከሰዓት በኋላ ባይሌን ሳቁ ደከመው፤ ደምለውን ግን ገመዱ ትከሻውን ቢልጠውም አልደከመውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማሳው ግማሽ ጠጥቶ ነበር፤ የቀረው ግማሽ አንገቱን ደፍቷል።

ገበያተኛው መመለስ ጀመረ። ጨው ነጋዴዎቹም መጡና ወንድ እንስራ አዝሎ ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እህ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?»

ደምለው ቀና አላለም። ቅሉን ነክሮ የሚቀጥለውን ችግኝ አጠጣ።

«ኧረ ንገረን፣ ምን ተገኘ?»

ይህን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ከቦዩ ዳር ሲያዩ የዋሉት አያ ስንሻው ተነሡና በእሱ ፈንታ መለሱላቸው፦ «አዲስ ነገርማ የለም ልጆቼ፤ ወሬ የጠማው ማሳውን ያስጠማል።»