ድር የማታደራው ሸረሪት

አንድ ደግ ሰው በእኔ ውሸት ተፈርዶበታል። አርባን ካለፍኩም በኋላ «እኔ» ብዬ ማውራቱ ስለሚያሳፍረኝ «አንዲት ልጅ» እያልኩ ልንገራችሁ።

አንዲት ልጅ ንብ አርቢ ጎረቤት ነበሯት፤ ጋሽ ማንደፍሮ ይባላሉ። ከሰዓት በኋላ፣ የሱፍ አበባ ማሳቸው በንብ ዜማ ሲሞላ፣ እጇን ይዘው በአበባው መሐል ያዞሯት ነበር። አንድ ቀን ከአበባ ሥር እንደ ቅጠሉ የለመለመች ትንሽ ሸረሪት አሳዩዋት።

«እያት፣ ክንዷን ዘርግታ! ይህቺ ድር አታደራም። ቅጠል መስላ ዝም ትላለች፤ ንብ ስታርፍ ላፍ! ስትሸሽ ደግሞ ወደ ጎን ነው፣ አማቷን እንዳየች ሙሽራ።»

«ንብዎን ስትበላ አይገድሏትም?»

«ምን በወጣት! እኔ ማሩን፣ እሷ አንድ ንብ። ሁላችንም የአበባው እንግዶች ነን፣ እሜቴ።»

በማግሥቱ ልጅቱ ኮክ ልትሰርቅ በቁልቋል አጥራቸው ሾለከች። የቁልቋሉ ወተት አንገቷ ላይ ፈሰሰ፤ እስኪመሽ ቆዳዋ ውኃ ቋጠረ። እናቷ «ምን ነክቶሽ ነው?» ስትላት፣ ዱላ ፈርታ አገር ሁሉ የሚያምነውን መለሰች፤ «ሸረሪት ሸናብኝ። የጋሽ ማንደፍሮ አረንጓዴዋ ሸረሪት።»

እናት መቀነቷን አጥብቃ ልጇን እየጎተተች ሄደች።

«ማንደፍሮ፣ ዛሬውኑ መድኃኒት ርጭ!»

«እትዬ ብርቄ፣ ይህቺ ሸረሪት ሰው አትነካም። መድኃኒቱ ንቦቼን ይፈጃል።»

«ንብህ ከልጄ አንገት ይበልጣል?»

ጋሽ ማንደፍሮ የልጅቱን አንገት አዩ፤ የተሰበረውን ቁልቋልም አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በቀስታ ጠየቋት።

«እውነት ሸረሪቷ ናት፣ እሜቴ?»

ልጅቱ «አዎ» አለች።

እሳቸውም ስለ ቁልቋሉ ምንም ሳይተነፍሱ ረጩ። በሦስተኛው ቀን ቀፎዎቹ ጸጥ አሉ። ጋሽ ማንደፍሮ ዳግመኛ ንብ አላረቡም። ልጅቱ እውነቱን ነገ እነግራቸዋለሁ እያለች አደገች፤ እሳቸው ግን ሞቱ።

ሸረሪት ቅጠል መስላ ብትደበቅ ለዕለት ጉርሷ ነው፤ የምትወስደውም አንዲት ንብ ነው። እውነት መስሎ የተደበቀ ውሸት ግን ቀፎውን ሁሉ ይጨርሳል። እናንተስ ጥፋታችሁን በማን አሳብባችሁ ይሆን? ያ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ሂዱ።

እኔ የምሄድበት የለኝም። እባካችሁ፣ እናንተ ይቅር በሉኝ።