አህያዋ ያልማለችው መሐላ

አንድ ጊዜ የቆላው ጫካ እንስሳት አሮጌውን አንበሳ አባረው ወጣቱን አንበሳ አነገሡ። ወጣቱ አንበሳ ግን የነገሠው ስሙ በጠፋ አገር ላይ ነበር። ከወንዝ ማዶ ያሉት አጋዘኖች በጫካው ውስጥ ወዳለው ጨዋማ ምንጭ መምጣት ትተዋል፤ የወንዙን መልካ ሲሻገሩ እየጠፉ የሚቀሩት በዝተውባቸው ነበር። እነሱ ሲቀሩ በምንጩ ልዋጭ ይሰጡት የነበረው የማዶው ለምለም ሣርም ለጫካው እንስሳት ተከለከለ። ሁሉም ከሳ።

«ስማችን በማዶ እንዴት ይታደሳል?» ሲል ንጉሡ ጠየቀ።

«ይሄ ቀላል ነው፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ። «የመልካውን ድንጋይ ኖራ እናስቀባለን። ጉሬዛዎች ይጨፍራሉ። አንካሶቹንና ከሲታዎቹን ገደል ሥር እንሸሽጋለን።»

«መልካውን ማን ይጠብቅ?»

«አያ ጅቦ ይቆይ። በአሮጌው ዘመን ዘበኛ ነበር፤ አሁን እንግዳ ተቀባይ እንበለው። ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ ከእሱ ሌላ ማን አለ?»

አያ ጅቦ ጥርሱን አሳየ። «እንግዶቹ ወፍራም ናቸው?» ብሎም ጠየቀ።

አህያዋ ከኋላ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። በኮቴዋ መሬቱን ጫረች።

«ግብዣውን አንቺ ታደርሻለሽ» አላት ቀበሮ። «አህያን ማን ይፈራል?»

ማዶ ስትደርስ ሽማግሌው አጋዘን በክብር ተቀበሏት። መልእክቱን ሰምተው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እመት አህያ፣ እኛ ኖራና ጭፈራ አልጠየቅንም። እንደ ወጋችን ‹መልካው ሰላም ነው፤ ከዋሸሁ ልጄን ይንሳኝ› ብለሽ ማዪልን። ያን ጊዜ መንጋዬን ይዤ እመጣለሁ።»

እናት በልጇ ከማለች በዚያ አገር ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም። አህያዋ ጆሮዎቿን ጥላ ፊቷን ወደ መልካው አዞረች። ሳትምል ተመለሰች።

ቀበሮ በንጉሡ ፊት ጮኸባት። «አንዲት መሐላ አቅቷት አገር አዋረደች! ጭነት እንጂ ነገር የማትችል!»

ያኔ በአህያዋ ሆድ የከረመው ቁጣ ገነፈለ።

«ንጉሥ ሆይ፣ አነጋገሬ ሻካራ ነው፤ ያልተማርኩ ነኝና ይቅር ይበሉኝ» አለች። «በየትኛው ልጄ ልማል?»

«ውርንጭላሽን ጎርፍ ወሰደው ብለሽ አልነበረም?» አለ አንበሳው።

«በበጋ የምን ጎርፍ አለ፣ ጌታዬ? ጎርፍ ስል ግን ማንም መልሶ አልጠየቀኝም።»

«ኧረ እሱማ አጥንት ብቻ ነበር» አለ አያ ጅቦ። ቀበሮ እግሩን ረገጠው፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

አህያዋ ወደ ጅቡ አልዞረችም። ንጉሡን ብቻ እያየች ቀጠለች።

«ልጄ የተበላው በአሮጌው ዘመን አይደለም፤ አሮጌው ተባሮ እርስዎ ከገቡ በኋላ፣ ገና ዘውድ ሳይጭኑ ነው። ልክሰሰው ብል፣ መልካው ላይ አቤቱታ የሚቀበለው ያው ጅቡ ነው። እርስዎ ዘውድ የጫኑ ቀን ልጄ ከተበላ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ እልል አልኩ፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ለማንም ነግሬ የማላውቀው ይህን ነው፤ እልል ያልኩት ጅቡ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር ነው።»

ከዚህ የምንማረው አዲስ መሪ በውጭ አገር መልካም ስም የሚያገኘው የገዛ ወገኑን የሚበላውን ጅብ ከበሩ ሲያነሳ ብቻ መሆኑን ነው።