በአያ ጅቦ ዋሻ የተዘረጋው ትንሽ ሐዲድ

አንድ ጊዜ ጅብም ቤቱ እንግዳ ይመጣለት ነበር። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ዛሬ በዋሻው በኩል የሚያልፍ ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሮጣል፤ ለአንድ በጋ ግን ከደጃፉ የኮቴና የጥፍር ዱካ ጠፍቶ አያውቅም። እንግዶቹን ያመጣቸው ግብዣ እንዳይመስላችሁ። ከጅብ ቤት ማን ምን ሊበላ ይሄዳል? ያመጣቸው ባቡር ነው፤ ያውም ርዝመቱ ከአንድ የአህያ ጆሮ የማይበልጥ ትንሽ ባቡር።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። የአያ ጅቦ ዋሻ ያለው በቆላ፣ ባቡር መምጣት ካቆመበት ብዙ ዘመን ከሆነው አሮጌ ጣቢያ በላይ ነው። በደጉ ጊዜ ለዚያ ጣቢያ ውሃ ስታመላልስ የኖረች፣ እትዬ አህዪት የምትባል አሮጊት አህያ ነበረች። ባቡሩ ሲቀር ሰዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ እሷን ግን ያስታወሳት አልነበረምና እዚያው ቀረች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዛት። ስትሮጥ መጀመሪያ ያገኘችው ዋሻ ውስጥ ዘው አለች። ዞር ብትል አያ ጅቦ ተጋድሟል።

እንደ እድል ሆኖ የዚያን ቀን ጠግቦ ነበር። ባይጠግብ ኖሮ ይህ ተረት እዚሁ ላይ ባለቀ ነበር። እትዬ አህዪት ግን መጥገቡን በምን ታውቃለች? ፍርሃቷን ለመሸሸግ ብላ ወሬ ጀመረች። ስለ ባቡር አወራችው። በኮቴዋ አሸዋው ላይ ሐዲዱን ሣለችለት፣ ጣቢያውን ሣለችለት፣ ባቡሩ ሊነሣ ሲል እንዴት እንደሚጮህ ደግሞ ራሷ አናፍታ አሳየችው። አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ሰማ። ዝናቡ አባራ። ልትወጣ ስትነሣ ቀና ብሎ፣

«ነገም ትመጫለሽ?» አላት።

ይህን ጥያቄ በዕድሜው ጠይቆ አያውቅም። እስከዚያ ቀን ድረስ እቤቱ ገብቶ በእግሩ የወጣ ስለሌለ፣ ነገም ና የሚለው ሰው አልነበረውም።

«ካልበላኸኝ እመጣለሁ» አለችው።

«አልበላሽም፤ ልማልልሽ?»

«መሐላውን ተወውና ሽቦ ፈልግ። ይህን አሸዋ ላይ የሣልኩልህን የምር እንሠራዋለን።»

ከዚያ ወዲያ አያ ጅቦን የሚያውቁት ሁሉ ግራ ገባቸው። ጠዋት ጠዋት ከአሮጌው ጣቢያ አጥር ሽቦ እየጎተተ ያመጣል፤ እትዬ አህዪት በጥርሷ ይዛ ታቃናዋለች። የሰርዲን ቆርቆሮ ባቡር ሆነ። የለስላሳ ቆርኪ ጎማ ሆነ። የክብሪት ቤት ከኋላው ተቀጥሎ ፉርጎ ሆነ። ሐዲዱ ከዋሻው ውስጥ ከፍ ካለው ድንጋይ ተነሥቶ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል፣ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ይዞራል፣ ወለሉ ላይ ያለውን ስንጥቅ በድልድይ ይሻገርና ደጃፉ ላይ ይቆማል። ባቡሩን በገመድ ወደ ላይ ጎትቶ መልቀቅ ነው፤ ቁልቁለቱ ራሱ ያወርደዋል።

ችግሩ ከሐዲዱ ሥር ነበር። ሽቦው ጸንቶ እንዲቆም በየስንዝሩ የሚሸከመው አግዳሚ ይፈልጋል። መጀመሪያ አግዳሚውን ከግራር እንጨት ሠሩት፤ በሳምንቱ ምስጥ ዱቄት አደረገው። እንደገና ሠሩት፤ ምስጥም እንደገና በላው። እትዬ አህዪት አሸዋው ላይ ተዘረረች።

«በቃ፣ ቀረ። የቆላ ምስጥ አይቻልም» አለች።

አያ ጅቦ አያት። ሥራው ከቀረ እሷም እንደምትቀር ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም፤ እሱም እንኳ ገባው። ተነሥቶ ወደ ዋሻው ውስጠኛ ጥግ ሄደና ለክፉ ቀን ብሎ ለዓመታት ያጠራቀመውን አጥንት እየጎተተ አመጣ። ጎድን አለ፣ ጭን አለ፣ ለድልድዩ ምሰሶ የሚሆን ያማረ የበሬ ቅልጥም አለ። ሁሉንም እግሯ ሥር ከመረው።

«አጥንት ምስጥ አይነካውም» አለ።

እትዬ አህዪት አጥንቱን አየች፣ እሱን አየች። «አያ ጅቦ፣ ይሄ ስንቅህ እኮ ነው። ከጎኑ እየተኛህ ትችላለህ? ካልቻልክ አሁኑኑ ንገረኝ፤ ድንጋይ ጠርበን እንሠራዋለን። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይሆናል።»

አያ ጅቦ ከፋው። «ለወዳጄ የሰጠሁትን መልሼ የምበላ ይመስልሻል?» አላት። ይህን ሲናገር ከልቡ ነበር፤ ኋላ ስትፈርዱበት ይህንንም አስቡለት።

ሐዲዱ ነጭ ሆኖ መዘርጋት ጀመረ ሲባል ሀገር ምድሩ ሊያይ መጣ። ፍየል መጣች። ጅግራ ጫጩቶቿን አስከትላ መጣች። ኤሊ ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት ተነሥቶ ደረሰ። መጀመሪያ ደጅ ቆመው አንገታቸውን እያሰገጉ ያዩ ነበር፤ ኋላ ኋላ ገባ ብለው አረፍ ማለት ጀመሩ። «አያ ጅቦ፣ እንደምን ዋልክ?» ይሉታል። እሱም ይህችን ሰላምታ ለመስማት ብሎ ገና ከማለዳው ደጁን ጠርጎ ይጠብቃቸው ነበር። ደስታ ማለት ይህ ከሆነ፣ ያለፈው ዕድሜው ሁሉ በከንቱ አለፈ ብሎ ይቆጭም ነበር።

ከሁሉም አብዝታ የምትመላለሰው እማማ አይጢት ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ በጣቢያው ወለል ሥር ኖራለች። ባቡሩ ሲመጣና ሲሄድ ቤቷ እየተንቀጠቀጠ፣ የተሳፋሪው ጫጫታ ከላይዋ እየተሰማት፣ እሷ ግን እረገጣለሁ ብላ ስትፈራ አንድም ቀን ሳትሳፈር ባቡሩ ቀረ።

«ልጆቼ፣ ሳልሞት አንዴ እንኳ ልሳፈርበት» አለች የክብሪቱን ፉርጎ እየዳሰሰች።

«የምርቃቱ ቀን የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እርስዎ ነዎት» አለቻት እትዬ አህዪት።

አያ ጅቦም «አዎ፣ እርስዎ ነዎት» ብሎ ቃሉን ጨመረ።

አሁን እንግዲህ ወደ ሆዱ እንምጣ፤ ያው ጅብ አይደል። ቀኑን ሙሉ ሐዲድ ሐዲድ ሲል ምግብ ፍለጋ መውጣቱን ተወ፤ በጋውም ጠና። አንድ ቀን በቀትር፣ እንግዳው ሁሉ ውሃና ጥላ ፍለጋ በተበተነበት ሰዓት፣ ብቻውን ከሐዲዱ ጎን ተጋድሞ ሳለ የአጥንቱ ሽታ መጣበት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሽታው ዞሮ መጣበት። ምራቁን ዋጠ። «ከቋጥኙ ጀርባ ካሉት አንዷ ብትጎድል ማን ያያታል? ይሄ ሁሉ ሐዲድ በአንዲት አግዳሚ አይወድቅ» አለና ቆረጠማት።

ማን ያያታል ይላል እንዴ? ቀበሮ ደጃፉ ላይ ቆሞ ከንፈሩን እየላሰ ነበር።

«አይዞህ አያ ጅቦ፣ እኔ ምንም አላየሁም» አለው። «ግን ቦታውን ባዶውን አትተወው። ጭቃ በአጥንቱ ልክ አበጅተህ አድርቀውና ነጭ አፈር ቀባው። እትዬ አህዪት እንደሆነች ዓይኗ ደክሟል።»

«ቢሰበርስ?»

«የሚያልፍበት ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ምን ይሰብረዋል? ለምክሬ ደግሞ ብዙ አልፈልግም። ከሁለት አንዱን ወዲህ በል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀትር በመጣ ቁጥር አያ ጅቦ አንድ አጥንት ይበላል፣ አንድ ለቀበሮ ይሰጣል፣ ሁለት ጭቃ ያበጃል። ሁልጊዜም «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» ይላል። አንድ ቀን እትዬ አህዪት ሳታስበው ከተፍ አለችበትና ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«ከስተህብኛል። ርቦህ ነው እንዴ?»

አፉ ውስጥ ያለውን ዋጥ አደረገና «ደህና ነኝ፤ ሥራው ነው» አላት።

እሷም አመነችው። በዚያች ደቂቃ ቢነግራት ኖሮ የሚጎዳ አልነበረም። እሱ ግን ያንን «ለወዳጄ የሰጠሁትን» ያለውን አፉን እያሰበ ነገ እነግራታለሁ ብሎ አሳደረው። ነገም እንደዚያው አሳደረው።

የምርቃቱ ዋዜማ ላይ እውነተኛ አጥንት ሆኖ የቀረው የድልድዩ አራት ቅልጥም ብቻ ነበር። እነሱን ላለመንካት ለራሱ ቃል ገብቷል። ቀትር ሆነ። ሁለቱን እሱ በላ፤ ሁለቱን ቀበሮ ወሰደ።

በማግስቱ ዋሻው ጢም ብሎ ሞላ። ፍየል ባቡሩን በለምለም ቅጠል አስጌጠችው፤ ግማሹን ቅጠል ራሷ በላችው። እትዬ አህዪት ሐዲዱን ከላይ እስከ ታች በኩራት አየችው፤ ነጭ፣ የተስተካከለ፣ ምንም የማይወጣለት ነበር። እማማ አይጢት ጢሟን ታጥባና ተበጥራ ቀርባ፣ በእትዬ አህዪት ጆሮ ተንጠላጥላ ከክብሪቱ ፉርጎ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

አያ ጅቦ ክው አለ። ያንን ሁሉ ጭቃ ሲያበጅ ባዶ ቆርቆሮ እንጂ እማማ አይጢት ትዝ ብላው አታውቅም። አሁን ትዝ አለችው። አፉን ከፈተ።

«ዝም በል» አለው ቀበሮ በጆሮው። «ቁልቁለት ነው፤ ሳይታወቅ ውልብ ብሎ ያልፋል። አሁን ብትናገር ይሄ ሁሉ እንግዳ ምን ይልሃል?»

አያ ጅቦ እንግዶቹን አያቸው። ጫጩቶቹ ጅራቱን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከቤቱ ሁሉም ብድግ ብለው ሲሄዱ ታየው። አፉን መልሶ ዘጋ።

እትዬ አህዪት «ባቡሩ ሊነሣ ነው» ብላ አናፋች፤ ገመዱንም ለቀቀችው።

ባቡሩ ቁልቁል ተንደረደረ። «ልጆቼ፣ እየሄድኩ ነው» የሚል የእማማ አይጢት ድምፅ ተሰማ። በዋሻው ውስጥ ያላጨበጨበ አልነበረም። ከቋጥኙ ጀርባ ሲዞር ነቀነቀው። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ምሰሶው እንደ ቆሎ ፍርክስክስ አለና ሐዲዱም ባቡሩም እማማ አይጢትም ተያይዘው ስንጥቁ ውስጥ ገቡ።

ኤሊ አንገቱን አስረዝሞ አወጣት። አንድ የኋላ እግሯ ተሰብሯል።

«ደረስን?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

እትዬ አህዪት ከወደቀው ምሰሶ ስባሪ አንዱን በኮቴዋ ፋቅ አደረገችው፤ ነጩ ተላጠና ጭቃው ወጣ። ከዚያ ሐዲዱን ይዛ ወደ ላይ ወጣች፣ እያንዳንዱን አግዳሚ እየነካች። ሁሉም ጭቃ ነው። ተመልሳ አያ ጅቦ ፊት ቆመች።

«መቼ ጀመርክ?»

«ሁለት ወር ሆነኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«ራበኝ ብትለኝ እኮ ድንጋይ እንጠርብ ነበር። ያኔውኑ ነግሬህ ነበር። አጥንቱ የራስህ ነው፤ ብትበላው ማን ይቆጣሃል? እማማ አይጢት ፉርጎው ውስጥ ስትገባ ግን ቆመህ አየሃት።»

አያ ጅቦ ኩም አለ። ቀበሮ «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» እያለ ከሁሉ ቀድሞ ውልቅ አለ። ጅግራ ጫጩቶቿን ከጅራቱ ላይ እየለቀመች ወጣች። እትዬ አህዪት እማማ አይጢትን ጀርባዋ ላይ አስቀምጣ የወጣችው በመጨረሻ ነው። ከጅብ እንደሚሸሽ ሮጣ ብትወጣ ይሻለው ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ አንዴም ዞር ብላ ሳታየው ወጣች።

አያ ጅቦ አልተቀመጠም። ድንጋይ መጥረብ ጀመረ። ጥርሱ ጎደለ፣ ጥፍሩ አለቀ፤ የሚቀጥለው ክረምት ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ብቻውን ጠረበ። እያንዳንዱን ጭቃ አንሥቶ ድንጋይ ተካበት። ድልድዩን ደግሞ አንድ ኤሊ ቢሻገርበት እንኳ ንቅንቅ እንዳይል አድርጎ ሠራው። አሁን ሐዲዱ ምንም እንከን የለበትም፤ የሚያየው ቢገኝ ያደንቀው ነበር።

ባቡር ሳይጮህ አይነሣም ብላ አስተምራዋለች። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ደጁን ይጠርግና ብቅ ብሎ፣ እሷ እንዳሳየችው አድርጎ ይጮሃል። ምን ያደርጋል፣ ድምፁ የጅብ ነው። ጩኸቱ ሸለቆውን ሲሞላው ፍየል ቅጠሏን ጥላ ትፈረጥጣለች፤ ጅግራም ጫጩቶቿን ይዛ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች። ታች አሮጌው ጣቢያ ውስጥ ያለች አንዲት አህያ ብቻ ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች። ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ትሰማዋለች፤ አጠገቧ የምታነክሰውን አሮጊት ታያለች፤ ከዚያ ወደ ሣሯ ትመለሳለች።

አያ ጅቦ ትንሽ ይጠብቃል። ማንም እንደማይመጣ ሲያውቅ ገመዱን ይለቃል፤ ባቡሩም ባዶውን ወርዶ ደጃፉ ላይ ይቆማል።

ከዚህ የምንማረው፣ ድካማችንን ለወዳጃችን ነግረን አንድ ቀን ማፈር፣ ሸሽገን ወዳጃችንን ራሱን አጥተን ዕድሜ ልክ ከመቆጨት እንደሚሻል ነው።